የሽማግሌው መኪናና የእኔ ቢጫ ሸሚዝ

ከኮምቦልቻ ደሴ፣ የሐረጎን ዳገት በጭጋግ ስወጣና ስወርድ የኖርኩ ሹፌር ነኝ። ይህን አስቀድሜ የማነሳው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ የሚመጣው ነገር ለምን እንዳንገበገበኝ እንዲታወቅልኝ ነው። አቀበቱን፣ ቁልቁለቱን፣ መንገድ ላይ የሚተኛውን ከብት ሁሉ አልፌ አንድም ቀን የቆመ መኪና ገጭቼ አላውቅም። ሳውዲ፣ ኹበር መጥቼ ግን፣ እንደ መዳፍ በተዘረጋ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የቆመ መኪና የገጨ ሹፌር ተባልኩ።

የምሠራው አል ራዋቢ የሚባል ሰፈር፣ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ቤት ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ባባ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ ካፊል፣ ዋስና አሠሪ ሆኖ የተጻፈው ግን ልጃቸው ነው። መቆየቴም መሄዴም በእሱ እጅ ነው ማለት ነው። ጠዋት የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ የልጃቸውን ሚስት፣ ማዳምን፣ ገበያ እወስዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የባባ ነኝ።

የባባ መኪና አሜሪካ ሠራሽ ናት። ረጅም፣ ሰፊ፣ ቀለሟ ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ፣ ሞተሯ ሲነሳ ድምፁ ከጆሮ በፊት በወንበሩ በኩል የሚሰማ። የኩባንያውን ስም አልጠራም። በዚህ አገር ዕድሜ የቆጠረ ሰው ያውቃታል፤ አንድ ዘመን ታክሲውም ፖሊሱም የሚሄደው በእሷ ዓይነት ነበር። ባባ የኩባንያውን ታሪክ እንደ ዘር ሐረግ ይቆጥሩታል። እኔ መኪናዋን ስወለውል እሳቸው ወንበር አስወጥተው ይቀመጡና ይጀምራሉ።

መሥራቹ የገበሬ ልጅ ነበር ይላሉ። እርሻውን አልወደደም፤ ብረት መነካካት ነበር ሥራው። መኪና የባለጸጋ መጫወቻ በነበረበት ጊዜ፣ ተራ ሰው የሚገዛው መኪና እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። ሠራተኛው ወደ መኪናው መመላለሱን ትቶ፣ መኪናው እየተጎተተ ሠራተኛው ጋ እንዲመጣ አደረገ። አንዱ ብሎን ያስገባል፣ ቀጣዩ ያጠብቃል። ቀለሙ ጥቁር ብቻ፤ ማማረጥ የለም።

"ከዚያስ ባባ?" እላለሁ። ታሪኩን በቃሌ ባውቀውም "ከዚያስ?" ካላልኩ ይቀየማሉ።

"ከዚያማ፣ ብሎን የሚያጠብቀው ሰው ራሱ መኪናዋን መግዛት እንዲችል ደመወዝ ጨመረለት። ገባህ? የሠራት ሰው እንዲነዳት!" ይሉና ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ። እዚህ ቦታ ሲደርሱ ሁልጊዜ ደስ ይላቸዋል። እኔም የማልገዛትን መኪና ኮፈን እያሸሁ "ማሻ አላህ" እላለሁ።

ከዚያ ኩባንያው በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን መሥራቱ ይመጣል። ቀጥሎ መኪናዎቹ እንደ መርከብ የሰፉበት ዘመን፣ ቀጥሎ ቤንዚን ተወዶ ጃፓኖች በትንንሽ መኪና ገበያውን የወረሩበት ዘመን። መጨረሻው አያምርም። ኩባንያው በገዛ አገሩ የቤት መኪና መሥራት ትቶ ወደ ፒክአፕና ወደ ረጃጅሞቹ ዞረ። ባባ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይወርዳል። "ልጁን አሳድጎ ሲያበቃ አላውቅህም የሚል አባት አይተሃል?" ይሉኛል።

ሁሉም ታሪክ የሚያልቀው ግን በአንድ ቦታ ነው። ባባ ወጣት ሳሉ፣ ለነዳጅ ሥራ የመጣ የአንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሹፌር ነበሩ። የዚህችን እናት የምትሆን፣ ክንፍ ያላት መኪና ነበር የሚነዱለት። አሜሪካኖቹ ማታ ማታ የሚሰበሰቡበት ክበብ ነበራቸው፤ የአገሩ ሰው አይገባበትም። "በዚያች መኪና በበሩ ገባሁ፤ ዘበኛው እጁን አንስቶ ሰላምታ ሰጠኝ" ይላሉ። ከዚያ አያልፉም፤ እኔም ባልዲዬን አነሳለሁ።

ዓርብ ዓርብ አመሻሽ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ የዚህ ኩባንያ አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች ኹበር ኮርኒሽ፣ ባሕሩ ዳር ይሰበሰባሉ። መኪናቸውን ይደረድሩና ምንጣፍ አንጥፈው፣ ሻይና ተምር ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ወሬ ይጀምራሉ። አንዱ የሪያድ መንገድ ላይ ሞተሩ ፈልቶ በመጠጥ ውኃው እንዳበረደው ያወራል። ሌላው የበኩር ልጁ ሆስፒታል ሳይደርስ ኋላ ወንበር ላይ እንደተወለደና ወንበሩን እስከ ዛሬ እንዳልቀየረው ይምላል። መኪናውን ሸጦ ሦስት ቀን ሳያድር ለምኖ መልሶ የገዛም አለ። ውሸታቸውም ደስ ይላል።

አንድ ያልተጻፈ ሕግ ግን አላቸው። መኪናውን ባለቤቱ ራሱ እየነዳ ካልመጣ ሰልፉ ውስጥ አይገባም። አንድ ቀን አንድ ባለጸጋ በሹፌር ተነድቶ ቢመጣ፣ ቀይ ባለሁለት በር መኪና ያላቸው ነገረኛ ሽማግሌ "እራትህንም የሚበላልህ ሹፌሩ ነው?" አሉት። ሰውየው ሳቀ፤ ሁለተኛ ግን እዚያ ቦታ አልታየም።

የባባ ዓይን ደግሞ ደክሟል። ሐኪሙ መንዳት ከልክሏቸዋል፣ ልጃቸውም "ሹፌር አለልህ" ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። ፊት ለፊት የቆመን ሰው መልክ አይለዩም። ደማቅ ቀለም ግን ያያሉ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኔ ጉድ የሚጀምረው።

አንድ ቀን አል ኹበር አሽ-ሸማሊያ፣ አሮጌዎቹ ሱቆች ዘንድ ውሰደኝ አሉኝ። አንድ የሸሚዝ ሱቅ ገብተን ባለሱቁ ያወጣውን ሁሉ ወደ በሩ ብርሃን እያወጡ አዩና "ከዚህ የበለጠ ቢጫ የለህም?" አሉት። በመጨረሻ የተመረጠው ሸሚዝ ቢጫነቱ ዓይን ያማል። ለልጅ ልጅ መስሎኝ ነበር። መኪና ውስጥ ስንገባ አቀበሉኝ። "ዓርብ ትለብሰዋለህ" አሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮርኒሹ ጋ ሳንደርስ አንዲት ትንሽ መስጊድ አጠገብ አቆማለሁ። እኔ እወርዳለሁ፣ ባባ መሪውን ይይዛሉ። ከዚያ እኔ በእግረኛው መንገድ ከፊት እሄዳለሁ፣ እሳቸው ቢጫዬን እያዩ በዳር በዳር ቀስ ብለው ይከተሉኛል። ክፍት ቦታ ስደርስ እቆማለሁ፤ እዚያ ያቆማሉ። ሰዎቹ እጃቸውን እያነሱ "አህለን!" ይሏቸዋል። እኔ እንደማያውቃቸው መንገደኛ አልፌ ሄጄ ከሩቅ እቀመጣለሁ። ሲመሽ ወዳጆቻቸው ቀድመው እስኪሄዱ ይጠብቁና ይጠሩኛል።

ያን መንገድ ስሄድ ያፈርኩትን ማፈር እንዴት ልናገረው። ሣሩ ላይ ቤተሰብ ይዞ የሚዝናናው ሰው ያየኛል። አንድ ትልቅ ሰው በሙቀት፣ ጫጩት በመሰለ ሸሚዝ፣ እንደ ሚዜ እየተንቀረፈፈ ይሄዳል፤ ከኋላው ረጅም መኪና ያጉረመርማል። ብፈጥን ይፈጥናሉ። የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ብል ፍሬን ይይዛሉ። የአገሬ ልጆች ያለፉ ጊዜ አንገቴን ወደ ባሕሩ እሰብራለሁ። አደገኛ መሆኑንም አላጣሁትም። ለባባ ነግሬያቸዋለሁ፤ "መቶ ሜትር ናት፤ መቶ ሜትር አትከልክለኝ" ሲሉኝ ግን ምን ይባላል? ሽማግሌ ሰው ሲለምን እኔ አፌ ይታሰራል።

እቤት ውስጥ ጎጃሜዋ እህታችን አለች፤ ምግብ የምታበስለው፣ ማተቧን ከልብሷ ሥር ሸሽጋ የምትይዝ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ። ምሥጢሩን አልነገርኳትም ነበርና ሸሚዙን ባየች ቁጥር አትምረኝም።

"አንተ፣ መስከረም ሳይጠባ ደግሞ አደይ አበባ ፈነዳህ?"

"ተዪኝ እስቲ እቴ።"

"ዋ! የሰው ማዳም ቤት የምትሠራ ልጅ እያሳሳትክ እንዳይሆን። ሙሽኪላ ታመጣብናለህ።"

ሙሽኪላው መጣ፤ በሌላ በኩል ነው እንጂ።

አንድ ዓርብ እንደ ልማዴ ከፊት እየሄድኩ ሳለ፣ ብስክሌት የሚነዱ ልጆች መንገዱን ዘጉብኝ። ሣሩ ላይ ገባ ብዬ ከአንድ ዘንባባ ኋላ ቆምኩ። በዚያችው ቅጽበት አንድ የጎዳና ጽዳት ሠራተኛ፣ ቢጫ የሥራ ልብስ የለበሰ፣ መጥረጊያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከእግረኛው መንገድ ወረደና ወደ መኪናዎቹ ሰልፍ ተሻገረ። የባባ መኪና አፍንጫዋን አዙራ ተከተለችው።

"ባባ!" ብዬ ጮህኩ። መስታወቱ ዝግ ነው። ሰውየው የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ዞረ፣ መጥረጊያውን ጥሎ ዘለለ። መኪናዋ መጥረጊያውን ሰብራ አለፈችና የቀዩን መኪና ቂጥ ገጭታ ቆመች።

ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ወደ ባሕሩ ነበር። ድምፁን ሰምተው እስኪዞሩ፣ እስኪነሱ፣ ጫማቸውን እስኪፈልጉ እኔ ሮጬ ደርሼ በሩን ከፍቻለሁ፤ ባባን ብብታቸውን ይዤ አውጥቻለሁ። እነሱ ሲደርሱ ያዩት ይህን ነው። ባባ መኪናዋን ተደግፈው ቆመዋል፣ ቢጫ ሸሚዝ የለበሰ ሐበሻ የሹፌሩን በር ይዟል። ጽዳት ሠራተኛው ብቻ ነው ሁሉን ያየው። አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። የተሰበረውን መጥረጊያ ሁለቱን ስባሪ ለቅሞ ባባንም እኔንም አየና ሄደ። እሱን የጠየቀ ማንም የለም።

ባለ ቀዩ መኪና ሽማግሌ የተሰበረውን መብራት አይተው፣ ሸሚዜን አይተው፣ "ማን ነው የነዳው?" አሉ።

ባባ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መለሱ። "ሹፌሩ ነው" አሉ። "ዛሬ ብቻ ደክሞኝ ነው የሰጠሁት።"

"ይህን መኪና ለሹፌር ይሰጣል?" አሉ ሰውየው። በእኔ እንኳ አልተቆጡም፤ የተቆጡት በባባ ነው። ሌሎቹም "ተው፣ ዋናው ጤና ነው፣ ሁለተኛ ግን አትስጥ" እያሉ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው። የአደጋ መርማሪው መጥቶ መንጃ ፈቃድ ሲጠይቅ ዓይኑ በቀጥታ እኔ ላይ ነው ያረፈው። አንዲት ቃል አፌ ውስጥ ነበረች። ባባን አየኋቸው፤ አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። ቃሏን ውጬ መንጃ ፈቃዴን ሰጠሁት።

ሐረጎ ትዝ አለኝ። የደሴ መናኸሪያ ልጆች ይህን ቢሰሙ፣ ስሜ ተረስቶ "የቆመ ገጪው" ነው የምባለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እቤት ስንደርስ ልጃቸው ግቢው ውስጥ ጠበቀን። ማን እንደደወለለት አላውቅም። "አባቴን ልትገድልብኝ ነበር!" አለኝ። ባባ ከዘራቸውን እየደባበሱ ወደ ውስጥ ገቡ። አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጀርባቸውን አየሁ። በሩ ተዘጋ። ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎጃሜዋ እህታችን እጇን በሽርጧ እየጠረገች ክፍሌ ደጃፍ መጣች። "ወንድምዬ፣ ማዳም በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ካፊልህ ኹሩጅ ሊመታብህ ነው። ደሴ የተውከውን ልጅህንስ ማን ያስተምርልሃል?"

ኹሩጅ ማለት ላይመለሱ መውጣት ነው። አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ያን ጊዜ ሁሉን ነገርኳት። ሸሚዙን፣ መስጊዷን፣ ጽዳት ሠራተኛውን። አፏን በእጇ ያዘች።

"እና ዝም አልክ?"

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰማሽም?"

"ዝንቡስ አልገባም" አለች፤ "አንተ ግን ልትወጣ ነው።"

ሁለታችንም ሳቅን። ስትሄድ ግን አለቀስኩ። መባረሩ ብቻ አይደለም፤ የሚያባርሩኝ ባልሠራሁት፣ ያውም እኔ በምኮራበት በአንዱ ነገር መሆኑ ነው። ሌባ ብለው ቢያባርሩኝ ሌባ አይደለሁም ብዬ ለራሴ እስቅ ነበር። መንዳት አይችልም መባልን ግን እንዴት ተሸክሜ ደሴ ልግባ?

መኪናዋ ጎረቤት ከተማ ደማም፣ ከመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ከተማ አጠገብ አንድ ጋራዥ ገብታ ነበር። ያጣችው የመብራት ቤት አዲሱ አይገኝም፤ ኩባንያው ከተወው ቆይቷል። ከተሽሊህ፣ ያረጁ መኪናዎች ከሚበለቱበት ግቢ ተፈልጎ ተገኘላት። ልናመጣት ከባባ ጋር የሄድነው በቤቱ መኪና ነው። ስለ ኩባንያው እንኳ አላወሩም። መካኒኩ ያቃናውን ቆርቆሮ በመዳፉ እያሻሸ "እንዲህ አድርጎ የነዳት አህያ ማን ነው?" አለ። እኔ መሬት አየሁ። ባባ መነጽራቸውን አወለቁና መጥረግ ጀመሩ፤ መካኒኩ ወደ ሌላ መኪና እስኪሄድ ድረስ እየጠረጉ ቆዩ።

ዓርብ ደረሰ። እንደምሄድ ስላወቅኩ ሻንጣዬን መሸከፍ ጀምሬ ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ ባባ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡና መኪናዋ አጠገብ ቆሙ። ቢጫውን ሸሚዝ ለበስኩ። እልክ ይሁን ልማድ አላውቅም። ባባ እጃቸውን ዘርግተው እጅጌዬን ዳሰሱ።

"ይህን አውልቅ" አሉኝ።

ባለኝ ግራጫ ሸሚዝ ለውጬ መጣሁ። ጋቢና ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። መስጊዷ ጋ ስንደርስ እጄ ራሱ አቆመ፤ ሞተሩን ሳላጠፋ በሬን ከፈትኩ።

"ላ" አሉ ባባ። "አትውረድ።"

"ባባ፣ ሰዎቹ..."

"አትውረድ አልኩህ። ንዳ።"

ሰልፉ ውስጥ ነድቼ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ የሹፌሩ መስኮት ላይ እኔን አዩና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ባባ በወዲያኛው በር ወረዱ። የመኪናዋን ጣራ እየዳሰሱ፣ መብራቱን እየዳሰሱ፣ በኮፈኑ ዞረው ምንጣፉ ፊት ቆሙ። አንድ እግራቸው የምንጣፉን ጠርዝ ረግጧል፤ አላወቁትም።

"ያን ቀን የነዳሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ዓይኔ አያይም። ከቆየ ቆይቷል። ይህ ሰው ስለ እኔ ነው ዝም ያለው።"

ይህን ቀን ስመኝ ነው የሰነበትኩት። እውነቱ ይወጣል፣ አንገቴ ቀና ይላል ብዬ። እንግዲህ ወጣ። ሽማግሌ ሰው በእኩዮቹ ፊት እንደዚያ ራቁቱን ሲቆም ሳይ ግን የመጣብኝ ኀፍረት ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ባለ ቀዩ መኪና ሰውዬ ወደ እኔ ዞሩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "የለም፣ እኔ ነኝ የነዳሁት። ዓይናቸው ደኅና ነው" አልኩ።

"ኸላስ፣ ልጄ" አሉ ባባ። "አንድ ጊዜ ይበቃል።"

ማንም አልሳቀም። ነገረኛው ሽማግሌ ጠጋ ብለው ባባን ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸውና ሻይ ቀዱላቸው። ባባ ብርጭቆውን ከመያዛቸው በፊት ልጃቸው ጋ ደወሉ፤ እዚያው ሰዎቹ እየሰሙ ነገሩት። ኹሩጁ ቀረ። ልጁ ማታ ይቅርታ አልጠየቀኝም። የመኪናዋን ቁልፍ መስቀያው ላይ ሳንጠለጥል አይቶ "ደኅና እደር" አለኝ፤ ከዚያ በፊት ብሎኝ አያውቅም።

በመመለሻው ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ መንገዱን ነበር የማየው፤ ፊታቸውን ማየት ከብዶኛል።

"ያንን የአሜሪካኖቹን ክበብ በር ነግሬሃለሁ አይደል?" አሉ።

"አዎ ባባ። በበሩ ገቡ፣ ዘበኛው ሰላምታ ሰጠዎት።"

"አልገባሁም።"

መብራት ያዘንና ቆምኩ።

"መሐንዲሱ ከበሩ በፊት ውረድ ይለኝ ነበር" አሉ። "ወዳጆቹ ፊት ራሱ እየነዳ እንዲገባ። እስኪወጣ ድረስ ውጭ ቆሜ እጠብቀው ነበር።" ጣታቸው በሩ ላይ ይመላለሳል። "ብዙ ጊዜ ስለተናገርኩት፣ የገባሁ መሰለኝ።"

መብራቱ ለቀቀ። ከኋላችን ያለው ሰው ክላክስ እስኪነፋብኝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።